«እንደደረሰኝ» ማለት ከተጠያቂነት አያድንም

የመዲናው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጊድ አገልጋይ ሼኽ አሕመድ በሕልማቸው አዩት የተባለው «ኑዛዜ» በብዙ አገር ሙስሊሞች እጅ ገብቷል። ጽሑፉን አባዝቶ የበተነ ሲሳዩ ይሰፋል፣ ችላ ያለ መከራ ያገኘዋል ይላል። በ1999 እ.ኤ.አ. ያረፉት ሼኽ ዐብዱልዐዚዝ ኢብን ባዝ ቅጥፈት መሆኑን ራሱን በቻለ ጽሑፍ አጋልጠዋል። ወረቀቱ ግን አልሞተም። በእጅ ሲገለበጥ፣ በፎቶ ኮፒ ሲባዛ ኖሮ ወደ ስልካችን ገባ።

ውድ አንባቢያን! ጥፋቱ የጻፈው ሰው ብቻ ነውን? «እኔ እንደደረሰኝ ነው የላክሁት» እንላለን። ለመሆኑ ይህ ምላሽ አላህ ፊት ያድነናልን? በእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ላይ ቅጥፈት በተነዛ ጊዜ፣ ሱረቱ አን-ኑር የወቀሰው ወሬውን የጠነሰሱትን ብቻ አልነበረም፤ በምላሳቸው የተቀባበሉትንም ጭምር እንጂ።

አንዳንዱ ደግሞ «ይህን ሁሉ ሰው የላከው እንዴት ውሸት ይሆናል?» ይላል። ሺህ ሰው ከአንድ ማንነቱ ካልታወቀ ሰው ከቀዳ፣ ምስክሩ ያው አንድ ነው፤ ያውም የማይታወቅ! የሐዲስ ሊቃውንት ማን ከማን እንደሰማ፣ ታማኝነቱንና የማስታወስ ችሎታውን አንድ በአንድ ይመረምሩ ነበር። በ256 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢማም ቡኻሪ አስተላላፊው ከመምህሩ ጋር በእርግጥ መገናኘቱ እንዲታወቅ ይሹ ነበር። እነርሱ አገር ላገር ተንከራተው ያደረጉትን እኛ በተቀመጥንበት ማድረግ አቃተን!

ሐዲስ ሲደርሳችሁ በየትኛው ኪታብ፣ በስንተኛው ቁጥር እንዳለ ጠይቁ፤ ኪታቡን ግለጡ፣ ካልሆነም ዓሊም ጠይቁ። «ቡኻሪ ዘግበውታል» የሚል ቃል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ቅጥፈት የሚጽፍ እጅ የቡኻሪን ስም መጻፍ አያቅተውም። የተቃጠለ መስጊድ ፎቶ ሲመጣ የትና መቼ እንደተነሳ አጣሩ። የሌላ አገር፣ የሌላ ዓመት ፎቶ የዛሬ ነው ተብሎ ቢሰራጭ ጎረቤትን ከጎረቤት ያጋድላል። ያላረጋገጣችሁትን አትላኩ። ከላካችሁ በኋላ ውሸትነቱ ከተገለጠላችሁም፣ በላካችሁበት በዚያው ቦታ «ተሳስቼ ነበር» በሉ። ይህ ውርደት አይደለም፤ ተውባ ነው።

እናቶችና አባቶች ሆይ! ልጆቻችሁ አንድ ወሬ ይዘው ሲመጡ «ከማን ሰማችሁ?» ብሎ መጠየቅን ልማድ አድርጉላቸው። ራሳችሁም ስትጠየቁ አትቆጡ። ሱረቱል ሑጁራት በ6ኛው አንቀጹ ያዘዘን ማጣራት ነው፤ ሳናውቅ ሰው ጎድተን በኋላ እንዳንጸጸት። ዛሬ ጣታችንም ምላሳችን ናት፤ የምትልከው ሁሉ ይመዘገባል።

ወላሁ አዕለም።