የእርጎ ባክቴሪያ ከጨጓራ ይተርፋልን?

አንድ ብርጭቆ እርጎ የጠጣ ሰው በቢሊዮን የሚቈጠሩ ሕያዋን ባክቴሪያዎችን መዋጡን ልብ አይለውም። ሆድ ግን እንግዳን ሁሉ በደስታ የሚቀበል ቤት አይደለም። ባዶ ጨጓራ የሚያመነጨው አሲድ እጅግ የበረታ ስለ ሆነ ከምግብና ከውሃ ጋራ ከሚገቡት ተሕዋስያን አብዛኞቹን ይፈጃል። ታዲያ ለጤና ይበጃሉ የሚባሉት ባክቴሪያዎች ይህን በር በምን ብልሃት ያልፉታል?

ነገሩ ብዙ ያከራከረ ነው። በፓሪስ በፓስተር ኢንስቲትዩት ይሠራ የነበረው ሊቅ ኤሊ ሜችኒኮፍ በ1907 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፥ የቡልጋርያ ገበሬዎች ዕድሜ የሚረዝመው የኮመጠጠ ወተት ስለሚያዘወትሩ ነው አለ። በማግሥቱ ዓመት የኖቤል ሽልማት ተቀበለ፤ የተሸለመው ግን ሰውነት በሽታን ስለሚከላከልበት መንገድ ባደረገው ምርምር እንጂ በእርጎው አይደለም። እንዲያውም ሬትገርና ቼፕሊን የተባሉ የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1921 እ.ኤ.አ. ያ የቡልጋርያ ባክቴሪያ በሰው አንጀት ውስጥ እንደማይሰፍር አሳዩ።

ሁሉም ባክቴሪያ ግን እኩል አይደለም። ላክቶባሲለስ ከሚባሉት መካከል ወደ ሰውነታቸው የሰረገውን አሲድ እንደ ውሃ መሳቢያ ፓምፕ መልሰው ወደ ውጭ የሚገፉ አሉ። ይህ ፓምፕ ያለ ጉልበት አይሠራምና ስኳር ያገኘው ከተራበው ይልቅ ይጸናል። ምግብም ሌላ ጋሻ ነው፤ ጨጓራ ሲሞላ የአሲዱ ኀይል ስለሚበርድ፥ ወተት ውስጥ ተጠልሎ ወይም ከምሳ ጋራ የገባ ባክቴሪያ በባዶ ሆድ ከተዋጠው የተሻለ ዕድል አለው።

ከአሲዱ ያመለጠውን በትንሹ አንጀት ሐሞት ይጠብቀዋል። ሐሞት ቅባትን እንደ ሳሙና ያሟሟል፤ የባክቴሪያም ልባስ ከቅባት የተሠራ ነውና ይቦጫጨቃል። የሐሞቱን ጨው የሚሰብር ኤንዛይም ያላቸው ግን ይችሉታል። ጃፓናዊው ሚኖሩ ሺሮታ በ1930 እ.ኤ.አ. በኪዮቶ የለየው አሲድንም ሐሞትንም የሚቋቋም ዘር፥ ከ1935 ጀምሮ ያኩልት በሚባል መጠጥ እየተሸጠ እስከ ዛሬ ዘልቋል።

(አንባቢዬ ሆይ፥ ይህን ጥቅም ከእንጀራ አትጠብቅ። በሊጡ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ምጣዱ ላይ አልቀዋል።)

ትልቁ አንጀት የደረሰውም ቢሆን ቦታው ተይዞ ያገኘዋል። ነባሮቹ ምግቡንም ማረፊያውንም ይዘውታል። አዲሱ መጤ በሚያልፍበት ጊዜ አሲድ እያመነጨ ለክፉዎቹ ተሕዋስያን ኑሮውን ያከብድባቸዋል፤ ሰውየው እርጎውን ካቋረጠ ግን ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ውስጥ ተጠራርጎ ይወጣል።