ያልተቆጠሩት ሁለት ዓመታት

ልጄ ለተማረችበት ሃይስኩል የትምህርት አማካሪና ለሩጫ አሰልጣኟ፣

ይህን በአማርኛ የምጽፍላችሁ አውቄ ነው። እኔ በእንግሊዝኛ የላካችሁልኝን ወረቀት ሁሉ ሳይገባኝ ፈርሜያለሁ። አሁን ደግሞ እናንተ አስተርጓሚ ፈልጉ።

ልጄ በዲቪ ከአዲስ አበባ ሜሪላንድ ስትገባ ዘጠነኛ ክፍል ነበረች። ሁለት ዓመት የጀማሪዎች እንግሊዝኛ ውስጥ አስቀመጣችኋት፤ ሒሳብም ከአልጀብራ በታች ካለው አስጀመራችኋት። አልተቃወምኩም። እኛ ዘንድ አስተማሪ ከወሰነ ወላጅ አይከራከርም፤ ሌሊቱን ፓርኪንግ ሲጠብቅ ያደረ ወላጅ ደግሞ ጭራሽ።

የኮሌጅ ስፖርትን በሚያስተዳድረው በኤንሲደብልኤ ዲቪዥን አንድ ለመወዳደር 16 ዋና ትምህርቶች ያስፈልጋሉ፤ እንግሊዝኛው ብቻ 4 ዓመት ነው። ከ16ቱ 10ሩ 12ኛ ክፍል ሳይጀመር ማለቅ አለባቸው፤ ከነዚያም 7ቱ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ ወይም ሳይንስ። የጀማሪዎች ቋንቋ አይቆጠርም። ከአልጀብራ በታች ያለ ሒሳብም አይቆጠርም። የትኛው እንደሚቆጠር በየትምህርት ቤቱ ስም የተመዘገበ ዝርዝር አለ፤ ለማንም ክፍት ነው። እኔ መኖሩን የሰማሁት ልጄ ልትመረቅ ስድስት ሳምንት ሲቀራት ነው።

የሰማነውም ከእናንተ አይደለም። ስኮላርሺፕ ልትሰጣት ያሰበች የኮሌጅ አሰልጣኝ ደውላ የኤንሲደብልኤ የምዝገባ ቁጥሯን ጠየቀቻት። «የምን ቁጥር?» አለችኝ ልጄ፣ ስልኩን በእጇ ሸፍና። በዚያው ሌሊት ተመዘገብን። የመመዝገቢያው ገንዘብ እንኳ ሰበብ አይሆንም ነበር፤ ትምህርት ቤት ምሳ በነፃ የምትበላ ልጅ ክፍያው ይቀርላታል፤ ይህንን የምታረጋግጡትም እናንተው ናችሁ።

ትራንስክሪፕቷ ተላከ፤ 14 ተቆጠረላት። የጎደሉት ሁለቱ የእንግሊዝኛ ዓመታት ናቸው። አሥረኛ ክፍል ሳለች አንድ ሰው ቢነግረን በክረምት ትማረው ነበር፤ ወይ 11ኛ ላይ ደርባ ትወስደው ነበር። ደርቦ መሥራት ለቤታችን እንግዳ አይደለም።

እንዲህ የወደቀች ልጅ በመጀመሪያው ዓመት የስፖርት ስኮላርሺፕ አታገኝም፤ አትወዳደርም፤ ከቡድኑ ጋር ልምምድ እንኳ አትሠራም። የኮሌጇ አሰልጣኝ መደወል አቆመች። በእሷ አልፈርድም።

እርስዎ አሰልጣኝ፣ አራት ዓመት ሙሉ ሰዓት ይዘው መስመሩ ላይ ቆመዋል። የ3200 ሜትር ሰዓቷን እስከ ሰከንድ ክፍልፋዩ በቃልዎ ይጠሩታል። ትራንስክሪፕቷን አንድ ቀን አይተውት ያውቃሉ?

እርስዎም እመቤቴ፣ የሚከታተሏቸው ልጆች ብዙ እንደሆኑ ነግረውኛል፤ አምናለሁ። ከምረቃው በኋላ የደረሰን የይቅርታ ደብዳቤዎ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ልጄ እስከ ግማሹ አንብባ አጠፈችው። ለእኔ አልተረጎመችልኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

አሁን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ትማራለች፤ ማታ ማታ ካሸር ናት። የመሮጫ ጫማዋ መኪናዬ የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ነው። አውጣው አላለችኝም፤ እኔም ማውጣት አልቻልኩም።

ታናሽ ወንድሟ በነሐሴ መጨረሻ እናንተው ዘንድ ዘጠነኛ ክፍል ይገባል። የኮርስ መምረጫ ፎርሙ ደርሶናል። እህቱ ያንን ዝርዝር ከጎኑ ዘርግታ፣ እስክሪብቶ ይዛ አንድ በአንድ እያመሳከረች ነው። ገና አልፈረምኩም።

አባቷ