ሞኝና ወረቀት

ባለፈው ወር በአቦ ዕለት ከሜክሲኮ በተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ፣ ሊሳለሙ በሚሄዱ ነጠላ የለበሱ እናቶች መሀል፣ አንዲት ጎረቤታችን ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ ጥላ ተኝታለች። ሐኪም ናት፤ ሰፈሩ በሙሉ «ዶክተር» ነው የሚላት። ዲዩቲ አድራ መውጣቷ ነው። ረዳቱ «መካኒሳ አቦ ወራጅ!» ሲል ባልቀሰቅሳት ኖሮ ጀሞ ትደርስ ነበር።

ወደ ሰፈር እየሄድን አወጋችኝ። ለቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስትነት ስትሠለጥን አንደኛ ዓመቷን ልትጨርስ ነው። ልቧ ግን ወደ ሳይካትሪ ሸፍቷል። «ታዲያ ለምን አትቀይሪም?» አልኳት። ሳቀች። «አንተ ደግሞ፣ የታክሲ መስመር መሰለህ እንዴ? ፈርሜያለሁ እኮ! ደሞስ ለእማዬ ምን ብዬ ልንገራት?»

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ጠቅላላ ሐኪም ስፔሻሊስት ለመሆን አገር አቀፍ ፈተና ይፈተናል፣ ምርጫውን ይሞላል፣ ይመደባል። ብዙውን ጊዜ ስፖንሰር የሚያደርገው መሥሪያ ቤት አለ፤ ሲጨርስም ተመልሶ ሊያገለግል ውል ይገባል። ከዚያ በኋላ ሐሳቡን ቢለውጥ ሰው የሚለው ያው አንድ ነው፤ «አቃተው»።

እውነት አቅቶት ነው? ተማሪው በኢንተርንነቱ ዓመት የሚዞረው በዋናነት በውስጥ ደዌ፣ በቀዶ ሕክምና፣ በሕፃናትና በማኅፀን ክፍሎች ነው። ሳይካትሪን የሚያየው ለአጭር ጊዜ ነው። የቀዶ ሕክምና ሐኪም ኑሮ ምን እንደሚመስል ደግሞ ከኖሩት በቀር በምን ይታወቃል? የመጀመሪያው ዓመት የሚያስተምረው ሙያውን ብቻ አይደለም፤ ራስንም ነው። እኛ ዲፓርትመንት ስንመርጥ እንኳ ስንቶቻችን በጓደኛ ምክር ሞላን!

በሌላ በኩል ያለውን ክርክር አልንቀውም። በሩቅ ከተማ የቀዶ ሐኪም የሚጠብቅ ሆስፒታል አለ። እሷ ስትወጣ ያ ወንበር ባዶ ይቀራል፤ የሚጎዳውም ሪፈር ተጽፎለት አዲስ አበባ መምጫ ያጣው ገበሬ ነው። ይሄ ቀላል አይደለም። ግን ሳያምንበት የቀረ ሐኪምስ ውሉን ጨርሶ ከዚያ ከተማ መውጣቱ ይቀራል? ደግሞም ሳይካትሪ የተረፈ ሙያ አይደለም። በአገራችን የሳይካትሪ ስፔሻሊስት ማሠልጠን የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ከዚያ በፊት ውጭ አገር መሄድ ግድ ነበር። ዛሬም የአእምሮ ሐኪም ከዋና ከተማ ውጭ ብርቅ ነው።

አሜሪካኖች ከ1952 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሬዚደንቶቻቸውን የሚመድቡት አሠልጣኙና ሠልጣኙ በሚሰጡት የምርጫ ቅደም ተከተል ነው። እዚያም ምርጫው ሳይሆንለት የሚቀር አለ። ክፍት ቦታ ካገኘ ግን መቀየር ይችላል፤ የሚቀበለው ክፍልም የቀድሞ አሠልጣኞቹ የሰጡትን ምዘና አስቀርቦ ያያል። መቀየር አሠራር አለው ማለት ነው፤ እንደ ነውር አይደበቅም።

እንደኔ እንደኔ እኛም ጋ እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው። በአንደኛው ዓመት መጨረሻ፣ ቀኑ አስቀድሞ በታወቀ ጊዜ፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ የዝውውር ጥያቄ ይቅረብ። ጥያቄው ሲፈቀድ የተለቀቀው ቦታ ወዲያው ለተረኛ ይሰጥ። የአገልግሎት ግዴታው ግን ከሐኪሙ ጋር ይሂድ፤ እዚያው ስፖንሰር ያደረገው አካባቢ በአዲሱ ሙያው ያገልግል። ያኔ ሕዝቡም ሐኪም አያጣም፣ ሐኪሙም አይታሰርም።

አባቶች «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይላሉ። ወረቀቱስ ወረቀት ነው፣ አይፈረድበትም። እኛ ግን ወረቀቱን የምንጽፈው ሰዎች ነን፤ አንድ መስመር ብንጨምርበት ምን አለበት?

ጎረቤቴ እስከ ሁለተኛው ዓመት መግቢያ መወሰን አለባት። የዚያን ቀን በራቸው ላይ ስንለያይ «ለእማዬ እንዳትነግራት» አለችኝ። እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።

ቸር እንሰንብት።