ለትንሽ ልጅ ፓኬጅ አትግዙ

የድሮ ተማሪዎቼ፣ የሒሳብ አስተማሪያችሁ በገዛ ሒሳቡ የተሸነፈበትን ቀን ልንገራችሁ። መሳቅ ይፈቀዳል።

ልጄ 4 ዓመቷ ነው። የጎረቤት ልጆች መጫወቻ ቦታ ሄደው የተነሱትን ፎቶ ካየች ጀምሮ "አባዬ፣ እኛስ መቼ ነው?" ስትለኝ ከረመች። ደሞዝ ሲገባ እንሄዳለን ብዬ ቃል ገባሁ። ቅዳሜ ከባለቤቴ ጋር ሦስታችንም ሄድን። የቦታውን ስም አልጠራም።

ቲኬት መቁረጫው ጋ መግቢያው ለአዋቂ 200፣ ለልጅ 100፣ ከዚያ እያንዳንዱ ጨዋታ 150 ብር። አለበለዚያ የቤተሰብ ፓኬጅ፦ 3,600 ብር ከፍለህ ሁሉንም እስኪበቃህ። ልጅቷ "ጋሼ፣ ፓኬጁ ያዋጣዎታል" አለችኝ። እኔም ልጄ ዛሬ "ብር የለም" የሚል ቃል አትሰማም ብዬ ከፈልኩ። ከፊቴ የነበረው አባወራ ፓኬጅ ሲቆርጥ ማየቴም ሳይገፋኝ አልቀረም።

ልጄ በቀጥታ የሮጠችው በሰንሰለት ተንጠልጥለው ወደሚሽከረከሩት ወንበሮች ነው። በሩ ላይ መስመር ተሰምሯል፣ 1 ሜትር ከ20። በእግሯ ጣት ቆመችለት፣ አልደረሰችም። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ልጅ "ቲቸር!" ብሎ አቀፈኝ። ያስተማርኩት ልጅ ነው! ለአፍታ፣ አልዋሽም፣ በትውውቅ ያሳልፈናል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። "ቲቸር ይቅርታ፣ እሷ አትችልም" አለኝ። ኮራሁበት። መያዣው ለትልቅ ሰው የተሠራ ነው፣ ትንሽ ልጅ ታሾልካለች። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ቲቸር፣ ለሕፃን እኮ ፓኬጅ አይገዛም። ለምን አልደወሉልኝም?" አለኝ።

እንግዲህ ሒሳቡ። ልጄ 5 ጊዜ ተጫወተች፣ 750 ብር። እኔ እሷን ይዤ ባቡሩ ላይ አንዴ፣ የሚጋጩት መኪኖች ላይ አንዴ፣ 300። ባለቤቴ ራሷን ስለሚያዞራት ምንም። ከመግቢያው 500 ጋር 1,550 ብር። 2,050 ብር ነፋስ ላይ በትኛለሁ።

ብሩ ግን አይደለም ያሳፈረኝ። 9 ሰዓት ላይ ልጅቷ እንቅልፍ ይዟት ታለቅሳለች፣ እኔ "ነይ ባቡሩን አንዴ እንድገመው" እያልኩ እጇን እጎትታለሁ። ለማን ብዬ? ለከፈልኩት ብር ብዬ። ፓኬጅ ሰውን እንዲህ ያደርጋል።

በዓለም ጤና ድርጅት የእድገት ሰንጠረዥ የ4 ዓመት ልጅ አማካይ ቁመት 1 ሜትር ከ3 ሳንቲ ሜትር ግድም ነው። 1 ሜትር ከ20 የሚደረሰው ወደ 7 ዓመት ሲጠጋ ነው። ስለዚህ ለ4 ዓመት ልጅ "ሁሉም ጨዋታ" ብሎ መሸጥ፣ መናገር ያለበትን ዝም ማለት ነው። ያ መስመር መሰመር ያለበት ቲኬት መቁረጫው ግድግዳ ላይ ነው፣ ብር ከመቆጠሩ በፊት። ዋጋውም በዕድሜ ሳይሆን በቁመት ቢሆን።

አሜሪካ ያለችው የባለቤቴ እህት ይህን ስነግራት ሳቀች። ዲዝኒ የየጨዋታውን የቁመት ገደብ አስቀድሞ ድረ ገጹ ላይ ያወጣል፣ ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅም ቲኬት አይጠይቅም። ልጅ ካልደረሰችም አንዱ ወላጅ አብሯት ይቆይና ሌላው ተጫውቶ ሲመለስ እንደገና ሳይሰለፉ ይቀያየራሉ። እሷ ሰፈሯ አቅራቢያ ላለ ፓርክ የዓመት ማለፊያ ነው የምትገዛው። እሱ ሌላ ነገር ነው፦ ሁለት ሰዓት ተጫውተው፣ ልጁ ሲደክመው ወደ ቤት፣ ሌላ ቀን ደግሞ ይመለሳሉ። እኛ ዘንድም ለ10 ጨዋታ ከፍለህ በፈለግኸው ቅዳሜ የምትጨርሰው ካርድ ቢኖር፣ የአስተማሪ ልጅም ትጫወት ነበር።

ትናንት ማታ ልጄን በሩ መቃን ላይ በእርሳስ ለካኋት፣ 99 ሳንቲ ሜትር። 21 ይቀራታል። ትንንሽ ልጆች ያላችሁ፣ በየጨዋታው የሚያስከፍል ደህና ቦታ የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ። ደሞዝ እስኪገባ ጊዜ አለን።