የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ባላንጣ የጻፈው የሕይወት ታሪክ

አሜሪካዊው ደራሲና ገጣሚ ኤድጋር አለን ፖ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 7 ቀን 1849 ባልቲሞር ውስጥ ሲሞት ገና 40 ዓመቱ ነበር። ከምን እንደሞተ ዛሬም ያከራክራል። በሦስተኛው ቀን «ኒው ዮርክ ትሪቢዩን» ጋዜጣ ላይ «ሉድቪግ» በሚል የብዕር ስም አንድ የኀዘን ጽሑፍ ወጣ፤ የኀዘን ከተባለ። ሟቹ ወዳጅ አልነበረውም፣ የሚያዝንለትም ጥቂት ነው ይላል። ጸሐፊው የቆየ ባላንጣው ሩፉስ ግሪዝወልድ ነበር። ይባስ ብሎ የፖን ሥራዎች የማሳተሙ ኃላፊነት እጁ ገባ፤ በ1850 ባወጣው የሕይወት ታሪክም ደብዳቤ እስከ መፈብረክ ደርሶ ስሙን አጠፋው።

ፖ ይጠጣ ነበር፤ ተበዳሪና ተጣይም ነበር። ቅዱስ ልናደርገው አልተነሳንም። ግን ሦስት ዓመት ሳይሞላው እናቱን የቀበረ፣ በብዕሩ ብቻ ለመኖር የሞከረ ሰው ነው። በ1845 «ቁራው» የተሰኘው ግጥሙ ዝናውን ቢያናኘውም ኪሱን አልሞላለትም። ሚስቱ ቨርጂኒያ በሳንባ ነቀርሳ ስትማቅቅ፣ ቤታቸውን ያየች ወዳጅ እንደጻፈችው፣ የእሱን ካፖርት ደርባ፣ ድመቷን ደረቷ ላይ አቅፋ ትሞቅ ነበር። በ1847 ሞተች።

የግሪዝወልድ ስም ዛሬ የሚነሳው በፖ ምክንያት ብቻ ነው። ፖን ግን ፈረንሳዊው ገጣሚ ቦድሌር ወደ ፈረንሳይኛ መለሰው፤ የሼርሎክ ሆምስ ፈጣሪ ኮናን ዶይልም የወንጀል ምርመራ ልብወለድ አባት መሆኑን መሰከረለት።

በዚህ እትም የሕይወት ታሪኩን ሆን ብለን ወደ ኋላ ገጾች ገፍተነዋል። አስቀድማችሁ የተረጎምናቸውን ልብወለዶቹን አንብቡ፤ አስተያየታችሁንም እንደ ወትሮው ላኩልን።