አንድ ቁልፍ ለብዙ በር

በአልባኒና በአካባቢዋ የሚኖሩ ብዙ አረጋውያን ወገኖች የሶሻል ሴኩሪቲ ጉዳያቸውን በኮምፒዩተር የሚከታተልላቸው ልጃቸው፣ የወንድም ልጅ ወይም የጎረቤት ወጣት ነው። ወጣቱ በራሱ ኢሜይል አካውንት ይከፍትላቸዋል፤ የይለፍ ቃሉም እርሱ ዘንድ ይቀራል። አሠራር ሲለወጥ ግን ጣጣው የሚተርፈው ለባለ ጡረታው ነው።

አሠራሩም ተለውጧል። እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 18 ቀን 2021 በፊት አካውንት የከፈቱ ሰዎች ወደ ሎግኢን ዶት ገቭ እንዲዛወሩ መሥሪያ ቤቱ በ2024 አስታወቀ። በ2025 ደግሞ አሮጌው መግቢያ ቀረ። ከዚያ ቀን በኋላ የከፈቱት ቀድሞውኑ በሎግኢን ዶት ገቭ ወይም በአይዲ ዶት ሚ የሚገቡ ናቸው። ከ2017 ጀምሮ የሚሠራው ሎግኢን ዶት ገቭ የፌዴራል መንግሥቱ የጋራ በር ነው፤ የመንግሥት ሥራ የሚያመለክትበት ዩኤስኤጆብስም፣ የመንገደኞች ግሎባል ኢንትሪም በዚሁ በር ያስገባሉ።

ለውጡ ያለ ምክንያት አልመጣም። ሰው ለየመሥሪያ ቤቱ አንድ ዓይነት የይለፍ ቃል ሲጠቀም፣ አንዱን የሰረቀ ሌባ ሁሉንም ይከፍታል። ገብቶም የባንክ ቁጥር ቢለውጥ የወሩ ጡረታ ወደ ሌላ ኪስ ይሄዳል። ስለዚህ አዲሱ በር ከይለፍ ቃሉ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ ይጠይቃል፤ ብዙ ጊዜም በስልክ የሚላክ ቁጥር ነው።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ስልክ ይጠፋል፤ ቁጥር ይቀየራል። አዲስ አበባ ጥቂት ወራት ለመቆየት የሄዱ እናት የአሜሪካ ስልካቸው ካልሠራ ቁጥሩ አይደርሳቸውም። ሁለተኛው ማረጋገጫ ጨርሶ ከጠፋ ደግሞ ሎግኢን ዶት ገቭ ራሱ መልሶ ሊያስገባ አይችልም፤ አካውንቱን ሰርዞ እንደገና መጀመር ግድ ነው። ቁልፉ አንድ በመሆኑ በሩ ሁሉ አብሮ ይዘጋል።

ጉዳዩ የአሜሪካ ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያም በ2023 የወጣው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 የቆመው በተመሳሳይ ሐሳብ ላይ ነው፤ የጣት አሻራ፣ የዓይንና የፊት ምስል የተመዘገበበት ፋይዳ በባንክም በመሥሪያ ቤትም አንዱን ሰው በአንድ ቁጥር ያሳውቀዋል።

እንግዲህ የሚበጀው ምንድን ነው? አንደኛ፣ አካውንቱ በባለቤቱ በራሱ ኢሜይል ይከፈት፤ ልጅ ይርዳ እንጂ ባለቤት አይሁን። ወጣቱ ወደ ሌላ ስቴት ሊሄድ ይችላል፤ ቅያሜም በቤተሰብ መካከል አይጠፋም። ሁለተኛ፣ ከስልኩ ሌላ ተጨማሪ ማረጋገጫ ይመዝገብ፤ ሎግኢን ዶት ገቭ የሚሰጣቸው የመጠባበቂያ ቁጥሮች በወረቀት ታትመው ከፓስፖርት ጋር ይቀመጡ። ሦስተኛ፣ ቤቱ ኮምፒዩተር የሌለው ሰው በማሪን ጎዳና ባለው የአልባኒ ቤተ መጻሕፍት መጠቀም ይችላል፤ ሲጨርስ ግን ከአካውንቱ መውጣቱን ያረጋግጥ። አራተኛ፣ በስልክ የተላከውን ቁጥር የሚጠይቅ ደዋይ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ ቢልም፣ አይሰጠው።

ኮምፒዩተሩን ጨርሶ የማይፈልጉም መብታቸው አልተነካም፤ 1-800-772-1213 ደውሎ ቀጠሮ መያዝ ይቻላል።

ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ እንዳይሆን፣ ይህ ሁሉ ጡረታው ሳይቋረጥ፣ ጉዞውም ሳይደርስ ቢጠናቀቅ ይሻላል።