ካሜራው ወደ ማን ይዙር?

ከጫግኒ ወደ ባሕር ዳር ሪፈር የተባለ ጨቅላ የያዘ አምቡላንስ መጀመሪያ ኮሶበር፣ ማለትም እንጅባራ፣ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ አዲስ ቅዳምን፣ ዳንግላን፣ ዱርቤቴንና መርዓዊን አቋርጦ ነው ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል የሚደርሰው። ከልጁ ጋር የሚሄደው ብዙ ጊዜ አባት ወይም አክስት ነው። እናቲቱ በኦፕራሲዮን ከተገላገለች ስፌቷ ሳይጠግግ መንገድ አትችልም። «ልጅሽ ማሞቂያ ገብቷል» ይሏታል። ከዚያ ወዲያ የሚደርሳት በስልክ የሚመጣ «ደህና ነው፣ አታስቢ» ብቻ ነው።

ይህ ቃል አራሷን አያሳርፋትም። መርዶ በስልክ በማይነገርበት፣ ክፉ ወሬ ከአራስ በሚደበቅበት አገር ያደገች ሴት ናትና፣ ልጇ ቢሻለውም ቢብስበትም ቀድማ የምትሰማው ያንኑ ቃል እንደሆነ ታውቃለች። ጡቷ ወተት አግቶ፣ በር በሩን እያየች ትሰነብታለች። በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ካሜራ ይግባ ወይስ አይግባ የሚለው ክርክር ሲነሣ ቀድማ ትዝ የምትለኝ እሷ ናት። አንዲት ነርስ ስልኳን አንሥታ የልጁ ደረት ከፍ ዝቅ ሲል ለጥቂት ጊዜ ብታሳያት፣ ከተደጋገመው «ደህና ነው» ሁሉ ይበልጥባታል።

በአሜሪካ ይህ ከተለመደ ቆይቷል። የአርካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ማሞቂያዎች ላይ ካሜራ እየተሰቀለ ወላጆች ልጃቸውን ከቤታቸው ሆነው ማየት ጀመሩ፤ ሌሎችም ተከተሉ። በኮሮና ጊዜ ጠያቂ ሲከለከል አሠራሩ ይበልጥ ተስፋፋ። እኛ በየማሞቂያው ካሜራ መስቀል አያስፈልገንም። ስልክ በየቤቱ ባይኖር ከጎረቤት አይጠፋም። የጎደለው ለክፍሉ የተመደበ አንድ ስልክ፣ የታወቀ ሰዓትና «ይህ የሥራችሁ አካል ነው» የሚል መመሪያ ነው። አለዚያ ነገሩ በነርሷ ደግነትና በራሷ ካርድ ላይ የተንጠለጠለ ይሆናል፤ ደግነት ደግሞ በምሽት ተረኛ ድካም ያልቃል።

ካሜራ ከዚህም የሚበልጥ ሥራ አለው። ልጅ ተወልዶ ሳያለቅስ ሲቀር የመጀመሪያዋ ደቂቃ ሁሉንም ትወስናለች። አዋላጇ በደረቅ ጨርቅ ታደርቀዋለች፤ ጀርባውን ታሻሸዋለች። ካልተነፈሰ ጭምብሉን በአፍና በአፍንጫው ላይ ገጥማ አምቡ የሚባለውን የአየር ከረጢት በደቂቃ ከ40 እስከ 60 ጊዜ መጭመቅ አለባት። ጭምብሉ በጉንጩ በኩል ትንሽ ከከፈተ አየሩ በዚያ ያመልጣል፤ ደረቱ አይነሣም። እጇ እየጨመቀ ስለሆነ ግን እያተነፈሰችው ይመስላታል። በዚያች ደቂቃ የራሱን እጅ አስተውሎ የሚያይ ሰው የለም። በኋላ ቻርት ላይ የሚሰፍረውም ሊደረግ የታሰበው እንጂ የተደረገው ላይሆን ይችላል።

ይህን ያጋለጠው ካሜራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ የሳን ዲዬጎ ሐኪሞች ጥናት 100 እንዲህ ያሉ አጋጣሚዎችን ቀርጾ ሲመረምር፣ ከግማሽ በሚበልጡት ላይ ከመመሪያው የወጣ አሠራር አገኘ። ሠሪዎቹ የሠለጠኑ ነበሩ። በኔፓል ዋና ከተማ በካትማንዱ ትልቁ የማዋለጃ ሆስፒታል ደግሞ የተሰቀሉት ካሜራዎች ያሳዩት የአፍ መምጠጥና ኦክስጅን መስጠት ሲበዛ፣ ነፍስ የሚያድነው በአምቡ ማተንፈስ ግን እምብዛም አለመደረጉን ነው። ኔፓላውያኑ ያዩትን ይዘው የየዕለት የእጅ ልምምድና ራስን መገምገሚያ ዘረጉ፤ በተወለዱበት ቀን የሚሞቱት ሕፃናት ቁጥር ወረደ።

ቪዲዮ ለአዋላጅ እንደሚጠቅም በአገራችንም ታይቷል። በምዕራብ ወለጋ በ73 የጤና ተቋማት የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት፣ አጫጭር የማስተማሪያ ቪዲዮዎችን የያዘ የስልክ መተግበሪያ ያገኙ ባለሙያዎች ጨቅላን በማተንፈስ ችሎታ ካላገኙት መብለጣቸውን አረጋግጧል። ሞትን በመቀነስ ረገድ ግን አስተማማኝ ልዩነት አላገኘም። እኔ ከዚህ የምወስደው፣ የሌላ ሰው እጅ ሲሠራ ማየት ጥሩ ጅምር ቢሆንም የራስን እጅ ማየት እንደሚቀር ነው። ጫግኒ የምትገኝበት የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር አዋላጆች ይህን ዕድል ማግኘት አለባቸው። ከማተንፈሻው ጠረጴዛ በላይ፣ የእናትን ገላ በማያይ አቅጣጫ የተሰቀለ አንድ ካሜራ ይበቃል። ቡድኑ በማግስቱ በሩን ዘግቶ ያየዋል፤ ይማርበታል፤ ያጠፋዋል።

አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለኝ። ያ ቅጂ ለቅጣት ከዋለ ነገሩ ሁሉ በዚያው ቀን ይሞታል። ቪዲዮው ደመወዝ ማስቆረጫ ወይም ፖሊስ መጥሪያ እንደሚሆን ያወቀች አዋላጅ ካሜራውን በጨርቅ ብትሸፍን አልፈርድባትም።

በየክፍሉ የጥበቃ ካሜራ ይገጠም የሚሉም አሉ። በእንግሊዝ ነርስ ሉሲ ሌትቢ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ሰባት ጨቅላዎችን በመግደል ጥፋተኛ ከተባለች በኋላ ይህ ጥያቄ በርትቷል፤ ፍርዱን የሚጠራጠሩ ባለሙያዎችም ተነሥተዋል። ያ የእነሱ ጉዳይ ነው። እኛ ዘንድ ጨቅላ የሚወስደው ሌላ ነው። ፕሮፌሰር ሉሉ ሙሄ የመሩት፣ ጎንደርንና ጅማን ጨምሮ በአምስት ሆስፒታሎች የተካሄደ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 እንዳሳየው፣ ያለጊዜያቸው ከተወለዱ ሟቾች 45 በመቶውን የወሰደው የሳንባ አለመዳበር ያመጣው የመተንፈስ ችግር ነው፤ 30 በመቶውን ኢንፌክሽን፣ 14 በመቶውን በወሊድ ጊዜ መታፈን። እ.ኤ.አ. በ2016 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 47ቱ ወር ሳይሞላቸው ይሞቱ እንደነበር መዝግቧል፤ የአገሪቱ አማካይ 29 ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ በተደረገው አነስተኛ ጥናት የአገሪቱ ቁጥር 33 ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2030 ወደ 12 እናወርደዋለን ብለን የፈረምን አገር ነን። እነዚህን ሕፃናት በኮሪደር የተሰቀለ የጥበቃ ካሜራ አያድናቸውም።

ከካሜራው በፊት ደግሞ እናት ትግባ። ፕሮፌሰር ቦጋለ ወርቁ በጥቁር አንበሳ ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተሙት ጥናት፣ ክብደታቸው ዝቅ ያለ ጨቅላዎች ገና ከጅምሩ በእናታቸው ደረት ላይ ገላ ለገላ ሲታቀፉ ሞት እንደሚቀንስ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት በአምስት አገሮች ያስጠናው ሰፊ ጥናት፣ ልጁ እስኪረጋጋ ሳይጠበቅ ይህ የገላ ለገላ እንክብካቤ ወዲያው ሲጀመር ሞት በ25 በመቶ መቀነሱን አረጋገጠ። ይህ እናትን በሰዓት የምትገባ ጠያቂ ማድረግ ስሕተት መሆኑን ያሳያል። አልጋዋ ከልጇ አጠገብ መሆን አለበት። «ካሜራ ስላለ ከውጭ ሆነሽ እይው» የሚል አሠራር ከመጣ እኔ የመጀመሪያው ተቃዋሚ ነኝ። የስልክ ምስል መንገድ ለለያያቸው ነው፤ በር ለለያያቸው መፍትሔው በሩን መክፈት ነው።

የፈቃድም ነገር አለ። እኛ ዘንድ ጨቅላ ክርስትና እስኪነሣ፣ ወንዱ 40፣ ሴቷ 80 ቀን እስኪሞላት፣ ለማንም ዓይን አይሰጥም፤ ብዙ እናት «ዓይን ይወጋብኛል» ብላ ፊቱን በነጠላ ትሸፍናለች። ሐኪም ይህን ኋላ ቀርነት ብሎ ሊያልፈው አይገባም። እንግዳ ዓይን ከልጄ ይራቅ የሚለው ፍላጎቷ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 ካስቀመጠው የግል ሕይወት መብት ጋር አንድ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት መድቦታል። ሕጉ ይህን እያለ፣ ቱቦ የተሰካለት ጨቅላ ምስል ለርዳታ ማሰባሰቢያ ተብሎ በፌስቡክና በቲክቶክ ሲዞር እናያለን። ያ ልጅ ነገ ተማሪ ይሆናል፤ ምስሉ ግን እዚያው ይኖራል።

ፈቃዱ የሚጠየቅበት ቋንቋም መታሰብ አለበት። ጫግኒ የመተከል መተላለፊያ ናት፤ በ2013 ዓ.ም. በሺዎች የሚቆጠሩ ተፈናቃዮችን በራንች መጠለያ ያስጠጋች ከተማ ናት። ፈቃድ በአማርኛ ታትሞ «እዚህ ጋ ፈርሚ» ከተባለ ፈቃድ አይባልም። አገውኛ ወይም ጉሙዝኛ ለምትናገረው እናት በቋንቋዋ ተነግሯት፣ እምቢ ብትል ሕክምናው እንደማይቀርባት ሰምታ የምትሰጠው መሆን አለበት።

ኢንተርኔት የት አለ የሚለኝ አንባቢ እውነት አለው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ነበር። በዚያ ጊዜ ባሕር ዳር የተኛ ልጇን በምስል ልታይ የምትችል የጫግኒ እናት አልነበረችም። ኔትወርክ የሚዘጉ ሰዎች ይህንንም እንደሚዘጉ ሊያውቁ ይገባል። የማተንፈሻው ካሜራ ግን ኔትወርክ አይፈልግም፤ እንዲያውም ከኔትወርክ ጋር ባይገናኝ ይመረጣል።

የብሔረሰብ አስተዳደሩ ጤና መምሪያና የክልሉ ጤና ቢሮ ለዚህ ትልቅ በጀት እስኪመጣ መጠበቅ የለባቸውም። አምቡና ጭምብሉ በየማዋለጃው መኖሩ፣ ማሞቂያው መብራት ሲጠፋ በጄኔሬተር መሥራቱ ይቅደም። ከዚያ በአንድ ሆስፒታል፣ አዋላጆቹ ራሳቸው ፈቅደው፣ አንድ ካሜራ ይሞከር። የሪፈር ወረቀቱ ላይ ደግሞ አንድ መስመር ይጨመር፦ የእናት ስልክ ቁጥር። ተቀባዩ ሆስፒታል ልጁ በደረሰ ዕለት ይደውልላት፤ ኔትወርክ ካለ ያሳያት፤ ልጁ ከባሰበትም እውነቱን ራሱ ሐኪሙ ይንገራት።